መንገድ ሲቆረጥ ድምፅ እንዳይቆረጥ

ለነጋዴ ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ነገር ወሬ ነው። ወሬ ስንልም የገበያ ሐሜት ማለታችን አይደለም፤ ዕቃው ተነሣ፣ መኪናው ደረሰ፣ ወንዙ ሞላ፣ ድልድዩ ደኅና ነው የሚለውን እውነተኛና በጊዜው የሚደርስ ወሬ ማለታችን ነው። ይህ ወሬ በቀረ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ያለውም ጥቂት ያለውም ነጋዴ እኩል ዕውር ይሆናል።

ይህን የምጽፈው በራሴ ከደረሰው ነገር ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወራት ጨው፣ ሳሙናና ስኳር ያስጫንኩባትን አንዲት የጭነት መኪና ከጋምቤላ ወደ አቦቦ ልኬ ነበር። መኪናይቱ እመንገድ ላይ ጭቃ ያዛት። በዚያው ማታ መብራት ጠፋ፤ በማግሥቱም ስልኩ ዝም አለ። ሾፌሩ አንድ መንገደኛ አግኝቶ «ድልድዩ አጠገብ ተይዣለሁ፤ ትራክተር ላኩልኝ» ሲል ላከ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ቆይቶ ጋምቤላ የደረሰው ግን «ድልድዩ ተሰብሯል» ተብሎ ነው። ይህን የሰሙ ሌሎች ነጋዴዎች የጫኑትን አወረዱ፤ ሊጭኑ የነበሩትም ተዉት። አቦቦ ውስጥ ጨው እየጠፋ ሄደ፤ የቀረው ጥቂቱ ጨው ዋጋው እጥፍ ሆነ፤ ሕዝቡም ባለሱቆቹን «ደብቀው ነው» ብሎ አማቸው። ድልድዩ ግን አንድ ድንጋይ እንኳ አልጎደለበትም ነበር። እኔ የከሰርኩት የአንድ ጭነት ትርፍ ነው፤ ይህ ይረሳል። የእነዚያ ባለሱቆች ስም ግን በሐሰት ወሬ ጠፋ፤ የጠፋ ስም ደግሞ እንደ ጨው በኩንታል ተገዝቶ አይመለስም።

ከዚያ ወዲህ ስለ አማተር ራዲዮ ማኅበሮች ሥራ ባነበብኩ ቁጥር «ለአቦቦ የሚያስፈልገው ይህ ነበር» ማለትን አልተውኩም። አማተር የሚባሉት ራዲዮን ለደመወዝ ሳይሆን ለዕውቀትና ለአገልግሎት ሲሉ የሚሠሩ፣ ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት የተሰጣቸው ሰዎች ናቸው። ዓለም አቀፍ ማኅበራቸው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 በፓሪስ ተቋቁሟል። በአሜሪካ የሚገኙት አማተሮች ከ1933 ጀምሮ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በስተቀር፣ በየዓመቱ በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ከቤታቸው ወጥተው በሜዳ ላይ ይሰፍራሉ። ድንኳን ይተክላሉ፤ ሽቦ በዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፤ ከከተማው መብራት ሳይሆን ከባትሪ፣ ከጄኔሬተርና ከፀሐይ ኃይል እየወሰዱ ሌሊትና ቀን 24 ሰዓት ያህል ከሩቅ ጣቢያዎች ጋር ይነጋገራሉ። ላዩን ለሚያይ ጨዋታ ይመስላል፤ እነርሱም ደስ እያላቸው ይሠሩታል። ነገር ግን ቁም ነገሩ መብራትና ስልክ በጠፋ ጊዜ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ባትሪ እንደ ደከመና የትኛው ሽቦ እንደ ተበጠሰ ከመከራው ቀን አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ይህ ልምምድ ከንቱ አለመሆኑን መከራው ራሱ መስክሯል። በ2004 በሕንድ ውቅያኖስ የተነሣው ማዕበል የአንዳማን ደሴቶችን በመታ ጊዜ፣ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ሄደው የነበሩ የሕንድ አማተሮች ከደሴቶቹ ወደ ዋናው ምድር ወሬ በማድረስ ብዙ ቤተ ሰብ አገልግለዋል። በ2017 ፖርቶ ሪኮ በዐውሎ ነፋስ ስትመታ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ጠይቆ 22 አማተሮች ከነመሣሪያቸው ወደዚያ ተልከዋል። እነዚህ ሰዎች በዚያ ቀን ሥራውን አልተማሩትም፤ በሜዳ ላይ በደኅናው ጊዜ የተማሩትን ሠሩ እንጂ።

«ዛሬ በየኪሱ ስልክ ባለበት ዘመን የራዲዮ ሽቦ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ነጋዴ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የስልክ ምሰሶ የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪና በጄኔሬተር ይቆያል፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ናፍጣውም የሚመጣው የእኛ ጨውና ዱቄት በሚመጣበት በዚያው መንገድ ነው። እንግዲህ መንገዱ በጎርፍ ከተቆረጠና ጥቂት ቀን ከቆየ ስልኩም ተከትሎ መጥፋቱ አይቀርም። መንገድና ስልክ ሁለት ነገር ይመስሉናል እንጂ በክረምት ጊዜ አንድ ገመድ ናቸው።

የጋምቤላ ንግድ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በውሃ ፈቃድ የኖረ ነው። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ከተፈቀደ በኋላ፣ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በመርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር፤ መርከቡ ግን የሚመጣው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰ ወዲህ መርከቡ ቀረና መኪና ተተካ፤ ነገሩም ተገለበጠ። ቀድሞ ንግድን ያመጣ የነበረው ሙላት ዛሬ ንግድን የሚያቆም ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ሞልቶ የጋምቤላን ከተማና በታች ያሉትን ወረዳዎች ባጥለቀለቀ ጊዜ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ መፈናቀሉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከከተማው በስተደቡብ የምትገኘው አቦቦም የራስዋ ወንዝ አልዌሮ አላት፤ በወንዙም ላይ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራ የመስኖ ግድብ አለ። ጥጥ፣ በቆሎና ሩዝ የሚመረትበት አገር ነውና ክረምቱ የሚያመጣው ወሬ ለገበሬውም ለነጋዴውም እኩል ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙዎች እንደሚገምቱት ውድና የረቀቀ አይደለም። ሃያ ሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ በሁለት የማንጎ ዛፎች መካከል ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ቢሰቀል፣ በመኪና ባትሪ በሚሠራ መቶ ዋት ያህል ኃይል ባለው ራዲዮ በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ የተላከ ድምፅ ሽቅብ ወጥቶ፣ አዮኖስፌር ከተባለው ከፍተኛ የአየር ክፍል ተመልሶ እንደ ዝናብ በዙሪያው ባለው አገር ላይ ይወርዳል። ተራራም ጫካም አያግደውም። ሲመሽ ወደ 3.5 ሜጋኸርዝ ወረድ ማለት ነው። በዚህ መንገድ አቦቦ ያለ ሰው በመካከል አንድም ምሰሶ ሳይኖር ከጋምቤላ፣ ከመቱና ከአዲስ አበባ ጋር ሊነጋገር ይችላል።

ዕውቀቱም በአገራችን አለ። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር በአምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ የክበብ ጣቢያ አለው፤ በዓለም የሚጠራበትም ምልክት ኢቲ3ኤኤ ነው። አገራችን ከ1932 ጀምሮ በፈረንጆች አቆጣጠር የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ናት፤ የኅብረቱም የራዲዮ ደንብ አማተር ጣቢያዎች ለአደጋ ጊዜ እንዲዘጋጁ መንግሥታት መንገድ እንዲከፍቱላቸው ያበረታታል። በአቦቦ ግን እንዲህ ያለ ልምምድ ሲደረግ እኔ አላየሁም። ስለዚህ ሐሳቤን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በየዓመቱ በግንቦት ወር፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ አንድ ቅዳሜና እሑድ ተመርጦ በአቦቦ ሜዳ ላይ የአንድ ሌሊትና የአንድ ቀን የራዲዮ ልምምድ ይደረግ። የአምስት ኪሎው ማኅበር ባለሙያ እንዲልክ፣ የክልሉ የአደጋ ሥጋት መሥሪያ ቤትና ቀይ መስቀልም እንዲገኙ የንግድ ምክር ቤታችን ይጋብዝ።

ሁለተኛ፤ ልምምዱ ሰላምታ መለዋወጥ ብቻ እንዳይሆን። የአልዌሮ ውሃ ከፍታ፣ የመንገዱ ሁኔታ፣ የታመመ ሰውና የሚፈለገው መድኃኒት፣ በከተማው ያለው የእህልና የጨው መጠን በጽሑፍ ይላክ። መልእክቱ እንደ ቀድሞው ቴሌግራም ቀኑ፣ ሰዓቱና የቃላቱ ብዛት ተጽፎ ይሂድ፤ ተቀባዩም ቃላቱን ቆጥሮና መልሶ አንብቦ ያረጋግጥ። «ተይዣለሁ» የተባለው «ተሰብሯል» ሆኖ እንዳይደርስ የሚከለክለው ይህ ቆጠራ ነው። የሰውና የቦታ ስም በአኙዋክኛም በአማርኛም ፊደል በፊደል መናገርን ወጣቶቹ ይለማመዱ።

ሦስተኛ፤ ወጪውን ነጋዴው ይሸፍን። አስመጪው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና ባትሪ፣ ባለሱቁ ሸራ፣ ገመድና ሽቦ፣ ባለመኪናው ማመላለሻ ቢሰጥ ለአንዱም ከባድ አይሆንም።

እዚህ ላይ ከነጋዴ ሳልደብቅ የምናገረው አንድ ነገር አለ። በአማተር ራዲዮ መነገድ አይፈቀድም። ዋጋ መጠየቅ፣ ጭነት ማዘዝ፣ ውል መዋዋል በእርሱ አይደረግም፤ ደንቡ ከገንዘብ ጥቅም የራቀ እንዲሆን ያስገድዳል። «ታዲያ የማልነግድበትን ነገር ስለ ምን እከፍላለሁ?» ለሚለኝ፣ የጉድጓድ ውሃ በርሜል ሞልቶ ከመጋዘኑ አጠገብ የሚያስቀምጠውም እሳትን ለማጥፋት እንጂ ውሃውን ለመሸጥ አይደለም እለዋለሁ። ድልድዩ ደኅና መሆኑን መላው ከተማ በአንድ ጊዜ ቢሰማ ለማንም በተለይ አላደላም፤ ሁላችንንም ግን ከኪሣራና ከሐሜት ያድነናል።

ሌላው ሥጋት የጠረፍ አገር ስለ ሆነ ራዲዮ ጥርጣሬ ያስነሣል የሚለው ነው። ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም፤ ስለዚህም ሥራው ሁሉ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በሚገኝ ፈቃድና የአካባቢው አስተዳደር በሚያውቀው መንገድ ብቻ መጀመር አለበት። ነገር ግን አማተር ራዲዮ በጠባዩ ግልጥ ነው፤ ተናጋሪው የጥሪ ምልክቱን ይናገራል፤ ትርጉሙን የሚሰውር ምስጢራዊ ቋንቋ አይፈቀድለትም፤ የፈለገ ሁሉ ያዳምጠዋል። የሚያስፈራው በጨለማ የሚሹለከለክ ወሬ ነው እንጂ በአደባባይ የሚነገር ወሬ አይደለም።

መሣሪያ ማስገባትን በተመለከተ፣ በ1998 በፈረንጆች አቆጣጠር በፊንላንድ በታምፔሬ ከተማ የተደረሰውና ከ2005 ጀምሮ የጸናው ዓለም አቀፍ ስምምነት በአደጋ ጊዜ የመገናኛ መሣሪያ በድንበር ላይ እንዳይታገድ ለማድረግ የታሰበ ነው። የጉምሩክን አሠራር ከማንም ይልቅ የምናውቅ እኛ ነንና፣ ለዚህ ሥራ የሚመጣው ጥቂት ራዲዮ በወደብና በመጋዘን ወራት እንዳይቆይ ምክር ቤቱ ከሚመለከታቸው ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር መልካም ነው። ክረምት ገብቶ ማመልከቻ መጻፍ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚያሰኝ ይሆናል።

አባቶቻችን «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» ብለዋል። ለአቦቦ ጀንበሯ ግንቦት ናት። በሚመጣው ስብሰባችን ይህ ጉዳይ በአጀንዳ ተይዞ እንዲታይ፣ አሳብ ያለውም ነጋዴ በጽሑፍ እንዲያቀርብ በትሕትና እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ልምምድ ሲደረግ ሁለት ባትሪና የሚያስፈልገውን ሽቦ እኔ እሰጣለሁ፤ መኪናዬም ባለሙያዎቹን ከጋምቤላ አቦቦ ድረስ ታመላልሳለች፤ ጭቃ ካልያዛት ማለቴ ነው፤ ቢይዛትም እንኳ በዚያን ቀን ወሬው ሳይጣመም ይደርሳል።