በበረሓ አገር የጡረታ መሬት ስለ መግዛት

ሰው ጕልበቱ ሳይከዳው በሽምግልናው የሚያርፍበትን ስፍራ አስቀድሞ ማሰቡ የአስተዋይነት ሥራ ነው። ከ30ና ከ40 ዓመት በፊት ከአገራቸው ወጥተው በላስ ቬጋስ፥ በሎስ አንጀለስና በፊኒክስ ከተሞች ታክሲ በመንዳት፥ በሆቴል ሥራ፥ በሕሙማን አስታማሚነትና በንግድ የኖሩ ወገኖቻችን ዛሬ ከጡረታ ዕድሜ ደርሰዋል፤ ወይም ተቃርበዋል። የከተማው ቤት ዋጋ ስለ ከበደ፥ ደግሞም ከጫጫታ ርቆ በገዛ መሬት ላይ መቀመጥ የሚያስመኝ ነገር ስለ ሆነ፥ ከእነርሱ መካከል ዓይኑን ወደ አሪዞናና ወደ ኒው ሜክሲኮ በረሓ የሚጥል ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ከአንባቢዎቻችንም በባሕር ማዶ ልጅና ወንድም ያላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የዕድሜውን ጥሪት የሚያወጣ ሰውም ዘመዱንና የነፍስ አባቱን ሳያማክር አይቀርም። ስለዚህ ተጠያቂው ምን ብሎ ይመክር ዘንድ እንደሚገባው ጥቂት ለማመልከት ወደድን። ያሜሪካን ነገር ስንናገር የምንጠራው ዓመተ ምሕረት በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ይህ ምኞት ከወዴት እንደሚነሣ ማስተዋል ይገባል። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም። ገንዘብ ያለው ሰው በመሬቱ የመጠቀም መብት ያገኛል እንጂ መሬቱን የራሱ አድርጎ ሊገዛ አይችልም። በአሜሪካ በረሓ ግን 40 ኤከር፥ ማለት 16 ሄክታር ያህል መሬት፥ የከተማ ቤት ከሚጠይቀው ገንዘብ እጅግ ባነሰ ዋጋ ሲሸጥ ይገኛል። ግማሽ ጋሻ እንኳ ባይሞላ፥ ርስት የሚለውን ቃል ከእናቱ ወተት ጋራ ለጠጣ ሰው ይህ ታላቅ ፈተና ነው። የስፋቱን ቍጥር ባነበበ ጊዜ ልቡ ይሰፋል፤ በኮምፒዩተር መስተዋት ላይ የፀሓይ መጥለቂያውን ፎቶግራፍ ባየ ጊዜም ብዕሩን ያነሣል።

ነገር ግን እኛ ርስት ባልን ጊዜ ምንጩን፥ ግጦሹን፥ መንገዱንና ጎረቤቱን ጨምረን ነው። በአሜሪካ ሕግ እነዚህ ሁሉ ተለያይተው ሊሸጡና ሊያዙ የሚችሉ ናቸው። አፈሩ የአንዱ ሲሆን ከአፈሩ በታች ያለው ማዕድን የሌላው ሊሆን ይችላል፤ በ1916 ለከብት አርቢዎች መሬት ለማደል የወጣው ሕግ ማዕድኑን ለመንግሥት አስቀርቶ ነበርና፥ በዚያ ሕግ የተሰጠውን መሬት ዛሬ የሚገዛ ሰው የላዩን ብቻ ይገዛል። ወደ መሬቱ የሚያደርሰውም መንገድ በሰው መሬት ላይ የሚያልፍ ከሆነ፥ በመዝገብ የተጻፈ የማለፍ መብት ከሌለ፥ ገዢው ወደ ገዛ መሬቱ ለመግባት የጎረቤቱን መልካም ፈቃድ እየጠበቀ ይኖራል።

ይህን የገዢ ምኞት ሻጮች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በካሊፎርኒያ ሞሓቪ በረሓ ናታን ሜንደልሶን የተባለ ሰው በ1958 80,000 ኤከር ያህል መሬት ገዝቶ፥ ከሎስ አንጀለስ ጋራ የሚወዳደር ከተማ አቆማለሁ ብሎ ጎዳናውን ሁሉ አስቀደደ፤ ቦታውንም እየከፋፈለ ሸጠ። ካሊፎርኒያ ሲቲ የተባለችው ይህች ከተማ በቆዳዋ ስፋት ከግዛቱ ከተሞች ሦስተኛ ስትሆን፥ በ2020 የተቈጠረው ነዋሪዋ 15,000 አይሞላም ነበር። ዛሬም ከሰማይ ሆኖ ለሚያያት ሰው፥ ቤት የሌለባቸው ጎዳናዎች በአሸዋው ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ። በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮም እንዲሁ ሆኖ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1968 ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ስለሚሸጥ መሬት ሻጩ እውነቱን ገልጦ እንዲናገር የሚያስገድድ ሕግ ያወጣው በዚህ ዓይነቱ ማታለል ምክንያት ነው። ሕጉ ግን ሻጩን ያናግራል እንጂ ገዢውን አያነብለትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ፤ እርሱም ውሃ ነው። የመነኰሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ እንኳ ዓለምን ንቆ ወደ ምሥራቁ የግብጽ በረሓ በወረደ ጊዜ፥ መኖሪያውን ያደረገው ከተራራው ሥር ምንጭ ከሚፈልቅበት ስፍራ ነው፤ በስሙ የተሠራውም ገዳም እስከ ዛሬ ድረስ ከምንጩ ጋራ አለ። ሁሉን የተወ ባሕታዊ ያልተወውን ነገር፥ ጡረተኛ ከዘበኛ ቤት ስፋትና ከተራራው መልክ በኋላ ሊጠይቀው አይገባም።

በአሪዞና የከርሰ ምድር ውሃ ሕግ የወጣው በ1980 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት፥ መንግሥት በሚጠብቃቸው የውሃ ክልሎች ውስጥ፥ ማለት በፊኒክስ፥ በቱሶንና እነርሱን በመሰሉ ስፍራዎች፥ መሬት ከፋፍሎ የሚሸጥ ሰው ለ100 ዓመት የሚበቃ ውሃ መኖሩን ማስረዳት አለበት። ነገር ግን መከፋፈል የሚባለው ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ብልኅ ነጋዴ መሬቱን አምስት አድርጎ ይከፍለዋል፤ አምስቱንም የገዛው ሌላ ሰው እያንዳንዱን እንደገና ይቈርሰዋል፤ በዚህም መንገድ ስለ ውሃው ማንም ሳይጠየቅ አንድ ሙሉ መንደር ይቆማል። ከስኮትስዴል ከተማ አጠገብ ያለው ሪዮ ቨርዲ ፉትሂልስ እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰፈር ነው። ጕድጓድ የሌላቸው ብዙ መቶ ቤቶች በቦቴ መኪና ከከተማው በሚመጣ ውሃ ይኖሩ ነበር። የድርቁ ዘመን በበረታ ጊዜ ከተማው የገዛ ነዋሪዎቹን ውሃ ለመጠበቅ ሲል ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለቦቴዎቹ መሸጡን አቆመ። ባለቤቶቹ ውብ ቤት ውስጥ ተቀምጠው የዝናብ ውሃ ለመጸዳጃ የሚያጠራቅሙ ሆኑ፤ ዋጋውም ሰማይ ወጣ። በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ ጊዜያዊ መፍትሔ ተገኘለት። ከተማው በደለ የሚሉ አሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን በደሉ የተሠራው ከዚያ አስቀድሞ፥ የመጨረሻው ቍራሽ መሬት ውሃው ሳይጠየቅ በተሸጠበት ቀን ነው።

ከተጠበቁት ክልሎች ውጭ ያለው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በዚያ መሬት ያለው ሰው ከመሬቱ በታች ያለውን ውሃ የሚቻለውን ያህል ሊስብ ይችላል። እንግዲህ አንድ ጡረተኛ አንዲት ጕድጓድ አስቈፍሮ፥ በደቂቃ ከ35 ጋሎን፥ ማለት ከ132 ሊትር በማይበልጥ የቤት ፓምፕ ሲጠቀም፥ ከጎኑ የመጣው ታላቅ እርሻ እጅግ ጠልቆ ቈፍሮ ሌትና ቀን ይስባል። ውሃው ከሥር አንድ ነውና፥ መጀመሪያ የምትደርቀው አጭሯ ጕድጓድ ናት። በደቡብ ምሥራቅ አሪዞና በኮቺስ አውራጃ፥ በዊልኮክስ ሸለቆ፥ የሆነው ይህ ነው፤ ለወተት ከብት መኖ፥ ለፒስታሽዮና ለፒካን ተክል በሚሳበው ውሃ ምክንያት የብዙ ሰዎች ጕድጓድ ደረቀ፥ ምድሪቱም ተቀመጠችና ተሰነጣጠቀች። ነዋሪዎቹ በ2022 ድምፅ ሲጠየቁ በጎረቤቱ በዳግላስ ሸለቆ ያሉት መንግሥት ውሃውን ይጠብቅልን ሲሉ፥ የዊልኮክስ ሰዎች ግን እንቢ አሉ፤ በ2024 መጨረሻ መንግሥት ራሱ ክልሉን ጠበቀው። ጥበቃውም አዲስ የመስኖ እርሻን ይከለክላል እንጂ የቀድሞውን አያስቆምም።

በላ ፓዝ አውራጃም አንድ የሳዑዲ ዓረብ ኩባንያ የአሪዞናን የመንግሥት መሬት ተከራይቶ፥ አልፋልፋ አብቅሎ፥ ድርቆሹን ለአገሩ ላሞች በመርከብ ይልክ ነበር። ሳዑዲ ዓረብ የገዛ አገሯን የከርሰ ምድር ውሃ ለመቈጠብ የመኖ እርሻን በከለከለች ጊዜ የሰው አገር ውሃ በሣር መልክ ተጭኖ ሄደ ማለት ነው። ገዢይቱ ኬቲ ሆብስ በ2023 በበትለር ሸለቆ የነበረውን ኪራይ አቋረጡ። እዚህ ላይ ኩባንያውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ሕጉ ግን በሩን ከፍቶ ነበር።

በኒው ሜክሲኮ ሥርዓቱ ሌላ ነው። ውሃው የሕዝብ ነው፤ ማናቸውም ጕድጓድ ከመቈፈሩ በፊት ከግዛቱ የውሃ ኢንጂነር መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ቀድሞ የተጠቀመም መብቱ ይቀድማል። ይህ ሕግ ለችኩል ሰው አስቸጋሪ ይመስለዋል፤ ለሽማግሌ ግን መድኅን ነው። ይህ ጸሐፊ ሁለቱ መሬቶች በዋጋ ቢተካከሉ የኒው ሜክሲኮውን እንደሚመርጥ አይሸሽግም።

ከውሃ ቀጥሎ የሚጠየቀው የምድሪቱ ከፍታ ነው። በዚህ ነገር የእኛ ሰው ከአሜሪካዊው ይልቅ ዕውቀት ሊኖረው ይገባል፤ አባቶቻችን ምድርን በስፋት ሳይሆን ቆላ፥ ወይና ደጋና ደጋ ብለው በከፍታ ከፍለዋታልና። በረሓ ሁሉ አንድ አይደለም። ፊኒክስ ከባሕር ወለል በላይ 330 ሜትር ያህል ነው፤ ፍጹም ቆላ ነው። በ2023 በጋ በዚህ ከተማ ሙቀቱ ለ31 ቀን በተከታታይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆነ፤ ከተማው ባለበት በማሪኮፓ አውራጃም በዚያ ዓመት 645 ሰዎች በሙቀት ምክንያት ሞቱ። በቤታቸው ውስጥ ከሞቱት ብዙዎቹ ማቀዝቀዣቸው የተበላሸባቸው ወይም የሌላቸው ነበሩ። መብራት ከሚደርስበት ርቆ በቆላ ብቻውን የሚቀመጥ የ70 ዓመት ሰው፥ ማቀዝቀዣው አንድ ቀን ቢቆም ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም። ሴራ ቪስታ ግን 1,400 ሜትር፥ በኒው ሜክሲኮ ያለው ሲልቨር ሲቲ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። ሁለተኛው ያለ ጥርጥር ወይና ደጋ ነው፤ በክረምቱ ወራት በረዶ የሚጥልበት ጊዜ ቢኖርም፥ በጎንደርና በአንኮበር ብርድ ላደገ ሰው ይህ መከራ አይባልም።

ስለ ጤና አንድ የተለየ ነገር አለ፤ ሻጮች አይናገሩትምና በዝርዝር እንናገረዋለን። በአሪዞናና በካሊፎርኒያ በረሓ አፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት ሻጋታ አለ፤ አፈሩ ሲቈፈርና አቧራው ሲነሣ ሰው በትንፋሹ ይስበዋል። ከዚህም የሚመጣውን የሳንባ በሽታ የሸለቆ ትኩሳት ይሉታል። ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ በሽተኛው የሚበዛው በአሪዞና ነው። ብዙ ሰው ሳያውቀው ታሞ ይድናል፤ በሽታው ከሳንባ አልፎ ወደ አጥንትና ወደ አንጎል ሽፋን የመዛመቱ አደጋ ግን በጥቁር ሕዝብ ላይ እንደሚበልጥ ሐኪሞች መዝግበዋል፤ ሽማግሌዎችና የስኳር ሕመም ያለባቸውም ሲይዛቸው ይበረታባቸዋል። እንግዲህ መሬት ገዝቶ ቤት ለመሥራት መሠረት የሚያስቈፍር ያገራችን ሽማግሌ ይህን አውቆ ይግባ፤ ሳልና ትኩሳት ቢጸናበትም የኖረበትን ስፍራ ለሐኪሙ ይንገር። የጕድጓድ ውሃም ጥራቱ በማንም ስለማይጠበቅ፥ በዚያ አገር ውሃ ውስጥ በብዙ ስፍራ አርሰኒክ ስለሚገኝ፥ ሳይመረመር አይጠጣ። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነው መንግሥት የሕክምና መድን ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ሐኪም ቤቱ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ከሆነ መድኑ በልብ ሕመም ጊዜ የሚሠራው ጥቂት ነው።

ደረቅ ወንዝ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በአንድ ሰዓት ጎርፍ ይሆናልና፥ አሸዋው ለስላሳ፥ ዛፉም ለምለም በሆነበት ዝቅታ ቤት አይሠራም። ከብትም በብዙ ስፍራ በነጻ ስለሚሰማራ፥ አትክልቱን ማጠር የባለ አትክልቱ ዕዳ እንጂ የባለ ከብቱ አይደለም፤ ይህ ላገራችን ገበሬ የተገላቢጦሽ ይመስለዋል።

ስለ ብቸኝነት ብዙ መናገር አያስፈልገንም፤ ግን ቸል የሚባል አይደለም። በላስ ቬጋስ የኖረ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን፥ ዕድሩንና የቡና ጎረቤቱን ለምዷል። እነዚህን ትቶ ከሰው 50 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፥ ሲታመም የሚጠይቀው፥ ሲሞትም የሚቀብረው ማን እንደሆነ ልጆቹ አስቀድመው ይጠይቁት። ሚስትም መኪና መንዳት የማትችል ከሆነች፥ ባልዋ በቀደመ ቀን መሬቱ ለእርስዋ እስር ቤት ይሆንባታል።

እንግዲህ የሚመከረው እንዲህ ነው። ትንሽ መሬት፥ ሐኪም ቤት ካለበት ከተማ በግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ፥ በወይና ደጋው ከፍታ፥ ውሃው በሕግ በተጠበቀበት ክልል ወይም በከተማ ቧንቧ በሚደርስበት ስፍራ ይፈለግ። ሁለት ኤከር ከነውሃው ከ40 ኤከር ደረቅ መሬት ይበልጣል። ከመግዛትም አስቀድሞ በዚያው መንደር ቤት ተከራይቶ ሰኔን፥ ሐምሌንና ነሐሴን መቀመጥ ነው፤ በታኅሣሥ ታይቶ የተገዛ በረሓ በሰኔ ሌላ አገር ነውና። የአሪዞና የውሃ ሀብት መሥሪያ ቤት ጕድጓዶችን ሁሉ በመዝገብ ጽፎ ለሕዝብ ስለሚያሳይ፥ የጎረቤቶቹ ጕድጓድ ስንት ጥልቀት እንዳለውና ውሃው በየዓመቱ እንዴት እንደወረደ ያለ ገንዘብ ማንበብ ይቻላል፤ እንግሊዝኛው ቢከብድ ልጁ ያንብብለት።

ክፍያውን በየወሩ ለሻጩ እየከፈልህ ቍጭ በል የሚለውን ውል በተለይ መጠንቀቅ ይገባል። በእንዲህ ያለው ውል የመሬቱ ስም እስከ መጨረሻው ክፍያ ድረስ በሻጩ እጅ ይቈያል፤ ገዢው ታሞ ጥቂት ወር ቢያሳልፍ፥ የከፈለውንም መሬቱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የባለቤትነቱን ማስረጃ የሚመረምርና መድን የሚሰጥ ድርጅት በመካከል ይግባ፤ ገንዘቡም በሦስተኛ እጅ ይቀመጥ፤ ስሙ በአውራጃው መዝገብ ሳይጻፍም አንድ ሳንቲም ወደ ሻጩ እጅ አይለፍ።