ከመጠምጠም መማር ይቅደም

አንድ ተማሪ «የራሴን ትንሽ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየሠራሁ ነው፤ ኮምፓይለሩንም እኔው እየጻፍኩት ነው» ቢል ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመዋል። አንዱ «ፓይተን እያለልህ ምን አደከመህ?» ብሎ ያላግጥበታል። ሌላው «ጀግና! ትእዛዞቹን በአማርኛ አድርጋቸውና ታሪክ ሥራ» ብሎ ያጨበጭብለታል። በእኔ እምነት ሁለቱም ስተዋል።

ከአላጋጩ ልጀምር። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽን ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። የባንኩም፣ የስልኩም፣ የሆስፒታሉም ሶፍትዌር በእንዲህ ዓይነት ተርጓሚ እጅ ያልፋል። ተርጓሚው ቢዋሽስ? ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ይህንኑ አሳይቷል። የተበከለ ኮምፓይለር በመግቢያ ፕሮግራም ላይ የሌባ በር ሊከፍት ይችላል፤ ሶርስ ኮዱን መስመር በመስመር ብታነቡት ግን ምንም አታገኙም። ትንሽ ኮምፓይለር መጻፍ ይህን አደጋ አያጠፋውም። አደጋው የሚገባው ሰው የሚወጣው ግን ከዚያ ነው። ተርጓሚው እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው የሌለው አገር፣ የተሰጠውን ከማመን ሌላ ምን ምርጫ አለው?

«እኛ ምን አቅም አለን?» ለሚል ብራዚልን ላስታውስ። አገሪቱ እስከ 1992 ድረስ የውጭ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር እንዳይገባ አጥብቃ ትገድብ ስለነበር፣ ባለሙያዎቿ መሣሪያቸውን ራሳቸው መሥራት ለምደው ነበር። በ1993 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሮቤርቶ የሩሳሊምስኪና ሁለት ባልደረቦቹ ሉአ የተባለችውን ቋንቋ ሠሩ። መነሻዋ ለነዳጅ ኩባንያው ለፔትሮብራስ ይሠሯቸው የነበሩ ፕሮጀክቶች ናቸው። ዛሬ ኮምፓይለሯን ጨምሮ ሙሉ ሶርስ ኮዷ 30,000 መስመር ገደማ ነው፤ ትጉ ሰው አንብቦ ይጨርሰዋል። ትንሽ ስለሆነች የትም ትገባለች። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው ጌም ውስጥ አለች፤ ዊኪፔዲያም ከ2013 ጀምሮ ገጾቹን ለማዘጋጀት ይጠቀምባታል።

አሁን ወደ አጨብጫቢው ልምጣ። ሉአ በፖርቱጋልኛ ጨረቃ ማለት ነው። የቋንቋዋ ቁልፍ ቃላት ግን እንግሊዝኛ ናቸው። ብራዚላውያኑ ቃል በመተርጎም አልደከሙም፤ ሞተሩን ሠሩ። ዓለም የተቀበላቸውም በሞተሩ ነው። በአማርኛ ፕሮግራም መጻፍን አልቃወምም፤ ለሕፃናት ማስተማሪያ ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን የሰው ኮምፓይለር ወስዶ «ኢፍ» የሚለውን በ«ከሆነ» መተካት የሰው ቤት ቀለም ቀብቶ «የእኔ ነው» እንደማለት ነው። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ስለዚህ ለኮምፒውተር ሳይንስ መምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። የኮምፓይለር ትምህርት በስላይድና በፈተና ብቻ አይለቅ። ቋንቋዋ አሥር ትእዛዝ ብቻ ይኑራት፤ ተማሪው ግን ቃላቱን የሚለይ፣ ሰዋስዉን የሚፈትሽ፣ የማሽን ትእዛዝ የሚያወጣ ኮምፓይለር በእጁ ጽፎ ይመረቅ። ኮዱም ጓደኛው ተቀምጦ አንብቦ የሚረዳው ይሁን።

ለዚያ ተማሪም የምለው አለኝ፦ ቋንቋህን ማንም ባይጠቀምባት ግድ የለም፤ ብቻ ጨርሳት። ከጨረስክ በኋላ ማንም «ይህ ለእናንተ አይገባችሁም» ሊልህ አይችልም።

የማትስማሙ ካላችሁ፣ ምክንያታችሁን ጻፉልኝ።