ላይዋሽ የማለው ሌባ

ሕንድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ፊልሟን ነው። ቲያትሯም ሰው አላጣም። ሐቢብ ታንቪር (እ.ኤ.አ. 1923-2009) ራይፑር የተወለደ ሙስሊም አዘጋጅና ተዋናይ ነበር። ለንደን ድረስ ሄዶ ትወና ቢማርም፣ ተመልሶ የመረጠው የቻቲስጋርን የገጠር ተዋንያን ነው። በሂንዲ ሲያናግራቸው አንደበታቸው ተሳሰረ፤ በገዛ ቋንቋቸው ሲለቃቸው መድረኩ ነፍስ ዘራ።

በ1975 ያዘጋጀው፣ በ1982 ኤድንብራ ላይ የተሸለመው «ቻራንዳስ ቾር» የአንድ ሌባ ታሪክ ነው። ሌባው እንደማይዋሽ ምሏል። በቀልድም ቢሆን ንግሥት እንደማያገባ ምሏል። አንዲት ንግሥት «አግባኝ» አለችው፤ እምቢ አላት። «እንግዲያው መጠየቄን ለማንም አትናገር» ብትለው ይህንንም አልችልም አለ። (ስንቶቻችን እዚህ ላይ እንጸና ነበር?) አስገደለችው።