በቍጥር የሚሸጥ የባሕር ዳርቻ

ንግድ ማለት የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ማስተናገድ ነው የሚለው አሳብ በእኛ በነጋዴዎች ዘንድ እንደ ሃይማኖት የጸና ነው። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ገንዘቡን ሲዘረጋ፣ ዕቃውም በመደርደሪያው ላይ ሳለ፣ «ለዛሬ በቃን፤ ነገ ተመለሱ» የሚል ባለ ሱቅ ቢገኝ ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱታል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ባለ ሱቅ ለማመስገን ተነሥቻለሁ። ባለ ሱቁ በሜዴቴራንያን ባሕር መካከል በምትገኘው የጣልያን ደሴት በሰርዴኛ፣ ባውኔይ የምትባል የአንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው። የሚሸጠውም ዕቃ ካላ ጎሎሪትሴ የሚባል ጠባብ የባሕር ዳርቻ ነው።

ቦታው በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ የኦሮዜይ ባሕረ ሰላጤ በሚባለው ወገን ነው። ከበስተ ኋላው ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል እንደ ቅጥር ቆሟል፤ ከዳርቻው በላይም 140 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሹል ዐለት እንደ ሐውልት ተተክሏል። ዳርቻው በአሸዋ ፈንታ በደቃቅ ነጭ ጠጠር የተነጠፈ ሲሆን፣ ይኸው ጠጠር የመጣው በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1962 ከተራራው በወረደ ናዳ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። እንግዲህ ዳርቻው በዕድሜ ከአንዳንድ አንባቢዎቻችን ያንሳል ማለት ነው። በ1995 በሕግ የሚጠበቅ የተፈጥሮ ሐውልት ተብሎ ታወጀ። መኪና አይደርስበትም፤ የሞተር ጀልባም ወደ ዳርቻው እንዳይጠጋ ተከልክሏል። በየብስ የሚመጣ ሰው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በእግሩ ይወርዳል፤ በበጋም ወራት በቀን ከ250 ሰው በላይ አይገባም። መግቢያው በ2025 7 ዩሮ ነበረ፤ ተራውም አስቀድሞ በስልክ ይያዛል።

ይህን ስፍራ ለማየት የበቃሁት በሥራ ምክንያት ነው። የማገለግላቸው ነጋዴ የጠርሙስ ቡሽ አስመጪ ናቸው። በሰሜን ሰርዴኛ የሚገኙት ቴምፕዮና ካላንጃኑስ የተባሉት ከተሞች ደግሞ በጣልያን አገር የቡሽ ሥራ ዋና መናኸሪያ ናቸው። ስለዚህ ውል ለማደስ ሲሄዱ ደብዳቤውንና ሒሳቡን የምይዝ እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። ወሩ ሰኔ ነበረ። ሥራው ሲያልቅ ሁለት ቀን ተረፈን፤ በዚያም ጊዜ ወደ ባውኔይ ወረድን።

መንገዱ የሚጀምረው ጎልጎ በሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ፣ ሱ ፖርቴዱ ከተባለው ቦታ ነው። በዚያ የመኪና ማቆሚያና ምግብ ቤት አለ፤ ፍየሎች፣ አህዮችና እሪያዎች ያለ ጠባቂ በእንግዳው መካከል ይመላለሳሉ። ከዚያ እስከ ባሕሩ ድረስ ግን አንዳች የሚሸጥ ነገር የለም፤ ውሃም የለም። መንገዱ በመጀመሪያ ጥቂት ሽቅብ ይወጣና ከአንድ የተራራ በር ሲደርስ ቍልቍለቱ ይጀምራል፤ እስከ ታች ከ400 ሜትር በላይ ይወርዳል። በግራና በቀኝ ያለው ዛፍ የአገራችን ጥድ ዘመድ የሆነ ጥድና የባሉጥ ዓይነት ነው። ድንጋዩ ልቅ በመሆኑ ዐይን ከእግር አይለይም፤ የከተማ ጫማ አድርገው የመጡ ወጣቶች በየጥቂቱ ሲቀመጡ አይቻለሁ። በገደሉ ሥር እረኞች በጥድ ግንድ የሠሩት መጠለያና የፍየል በረት ይታያል። ጌታዬ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ቢሆንም በከዘራ እየተደገፉ በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ወረዱ፤ አወጣጡ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

ስለዚህ መንገድ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ በንግድ ጋዜጣ ላይ መጻፌ ከንቱ ይሆናል። በእነዚህ ተራራዎች ላይ ካሉት መንገዶች ብዙዎቹ የተጠረጉት ለሽርሽር አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከጣልያን ዋና ምድር፣ ይልቁንም ከቶስካና፣ ከሰል አክሳዮች መጥተው የባሉጡን ደን እየቈረጡ ያከስሉ ነበር። ከሰሉም በሰውና በበቅሎ ጀርባ ወደ ባሕር ወርዶ በመርከብ ይጫን ነበር። ሥራው እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ቈየ። በጊዜው እንግዲህ እውነተኛ የወጪ ንግድ ነበረ፤ ሠራተኛ፣ ማጓጓዣ፣ ወደብና ገዢ ነበረው። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የቀረው አክሳዮቹ የደለደሉት ክብ መሬትና መንገዱ ብቻ ነው። እነዚያ ሰዎች ዋናውን ገንዘብ እንደ ትርፍ አድርገው ሸጡት፤ ደኑም እንደ ከሰሉ በመርከብ ሄደ።

ከታች ስንደርስ ጠጠሩ ነጭ፣ ውሃውም ከጥልቁ በስተቀር እንደ ብርጭቆ የጠራ ሆኖ አገኘነው። ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ሰው ነበረ፤ ሁሉም ውሃውንና ስንቁን በጀርባው ተሸክሞ የመጣ ነው። ጌታዬ ጥቂት ዐርፈው ዙሪያውን ከተመለከቱ በኋላ፣ «አንተ፣ ይህ ሁሉ ሰው እኮ የተጠማ ነው፤ አንድ የበረዶ ሣጥን ይዞ የወረደ ሰው በአንድ በጋ ቤት ይሠራ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም በመዳፋቸው ላይ ሒሳቡን ያሰሉ ጀመር። 250 ሰው በ7 ዩሮ ሲባዛ በቀን 1,750 ዩሮ ነው። መንገዱ ለመኪና ቢከፈትና በቀን 2,000 ሰው ቢገባ ግን 14,000 ዩሮ ይሆናል። «ልዩነቱን ማን ይከፍለዋል?» አሉ።

እኔም፣ «ጋሼ፣ የቡሹን ዛፍ ታዲያ ለምን በየዓመቱ አይልጡትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ቡሽ እንዴት እንደሚገኝ ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ልግለጽ። ቡሽ የአንድ ዓይነት ባሉጥ ቅርፊት ነው። ዛፉ ተተክሎ ሃያ አምስት ወይም ሠላሳ ዓመት ያህል ካልሞላው አይላጥም፤ ከዚያም ወዲያ ሌላ ቅርፊት እስኪያበቅል አሥር ዓመት ያህል ይጠበቃል። ለጠርሙስ መክደኛ የሚሆን መልካም ቡሽ የሚገኘው ደግሞ በሦስተኛው ልጥ ነው። ዛፉ አይቈረጥም። በየዓመቱ ልላጠው የሚል ሰው ቢመጣ ቅርፊት ቀርቶ ዛፍም አያገኝም። የቡሽ ነጋዴ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ደንበኛው ቢለምነውም፣ ዋጋው ቢወደድም፣ ያልደረሰውን ዛፍ አይነካም። ይህንንም ማንም እብደት አይለውም።

ጌታዬ ግን ለጊዜው ዝም ካሉ በኋላ፣ «ዛፍ ሌላ፣ ባሕር ሌላ» ብለው መለሱልኝ። በእርግጥም ሌላ ነው፤ ልዩነቱ ግን የሚረዳው እኔን እንጂ እርሳቸውን አይደለም። ዛፉ ቅርፊቱን መልሶ ያበቅላል። በ1962 በአንድ ናዳ የወረደው ጠጠር ግን ቢያልቅ ተተኪውን የሚያቀርብ ላኪ የለም፤ በባንክ ዋስትና ደብዳቤም አይታዘዝም። በመጋዘኑ ያለው ክምችት ያው ነው።

ጠጠር እንዴት ያልቃል የሚል ቢኖር፣ በሰርዴኛ የሆነውን ይመልከት። በደሴቲቱ ሰሜን ቡዴሊ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ቀይ ዳማ አሸዋ ያለው ዳርቻ ነበረ፤ ቀለሙ የሚገኘው በባሕር ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ስብርባሪ ነው። እንግዶች ለመታሰቢያ እያሉ በእፍኝና በጠርሙስ ወሰዱት። በመጨረሻም በ1994 ዳርቻው ለእግረኛ ጭምር ተዘጋ፤ ዛሬ ከሩቅ ይታያል እንጂ አይረገጥም። በ2017 የወጣው የክልሉ ሕግ አሸዋ፣ ጠጠር ወይም ዛጐል ከባሕር ዳር የሚወስድ ሰው ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ እንዲቀጣ ያዝዛል። ይህም ሆኖ በ2019 ሁለት የፈረንሳይ አገር ሰዎች 40 ኪሎ ያህል አሸዋ በፕላስቲክ ጠርሙሶች ሞልተው በመኪናቸው እንደ ጫኑ በፖርቶ ቶሬስ ወደብ ተይዘዋል። ሱቅ ያለው ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ መደርደሪያውን የሚያራቍተው አንድ ትልቅ ሌባ ሳይሆን እያንዳንዱ «አንዲት ብቻ» እያለ በኪሱ የሚከትተው ደንበኛ ነው። ስለዚህ የባውኔይ ማዘጋጃ ቤት በቀን 250 ሲል፣ ዳርቻውን እንደ ቡዴሊ ፈጽሞ ከመዝጋት አስቀድሞ ማዳኑ ነው።

በሌላ በኩል ስለ ገቢው የቀረበው ሒሳብ ራሱ ጐደሎ ነው። እኛ ሁለታችን ለመግቢያ የከፈልነው 14 ዩሮ ነበር። ሁለት ሌሊት ያደርነው ግን የባውኔይ ክፍል በሆነችው በሳንታ ማሪያ ናቫሬዜ ነው። ኩሉርጆኔስ የሚባለውን ድንችና አይብ የተሞላበት የአገሩን ምግብ በላን፤ አይብም ገዝተን በሻንጣችን ይዘን ወጣን። የሒሳብ መዝገቡ በእጄ ነበረና፣ መግቢያው ከጠቅላላው ወጪ እዚህ ግባ የማይባል እንደ ነበረ በደረሰኝ ማስረዳት እችላለሁ። በታች ሱቅ ባለመኖሩ በላይ ያሉት ሱቆች ይኖራሉ። ታች የውሃ መሸጫ ቢከፈት ከዓመት በኋላ ጃንጥላ የሚያከራይ፣ ከዚያም ጥብስ የሚጠብስ ይከተላል፤ እንግዳውም ይህን ለማየት ከገደል መውረድ አያስፈልገውም፤ በየትም አገር ያገኘዋል።

በ2025 የዓለምን ሃምሳ ምርጥ የባሕር ዳርቻዎች የሚያወጣው ዝርዝር ጎሎሪትሴን አንደኛ አደረገው። ፈላጊ ሲበዛ ነጋዴ ዋጋ ይጨምራል፤ ይህ ልማዳችን ነው፤ በደንበኛው ዕቃ ላይ ተገቢም ነው። እዚህ ላይ ግን በብዙዎቻችሁ አሳብ እንደማልስማማ በግልጽ እናገራለሁ። ዋጋው ወደ 70 ዩሮ ቢወጣ የሰው ብዛት መቀነሱ አይቀርም፤ ነገር ግን የሚቀረው የችርቻሮ ነጋዴው፣ መምህሩና ጸሐፊው ነው። ቍጥሩ ግን ባለ ፋብሪካውንና የእርሱን ጸሐፊ በአንድ ሰልፍ ያቆማል። ዳርቻውን የሚጠብቀው ቍጥሩ ነው እንጂ ዋጋው አይደለም፤ 7 ዩሮ የጠባቂውንና የጽዳቱን ያህል ከሸፈነ ይበቃል። በዚያው ደሴት በስቲንቲኖ የሚገኘው ላ ፔሎዛ የተባለው ዳርቻ መግቢያውን 3 ዩሮ ተኩል፣ የቀኑን እንግዳ 1,500 ሰው አድርጎ ይሠራ ጀመር። ከዚህም አልፎ ፎጣ አሸዋ ይዞ ይሄዳል በማለት ከፎጣው በታች ምንጣፍ ያልዘረጋ እንዳይተኛ አዟል። ነገሩ ሲሰሙት ያስቃል፤ ይሁን እንጂ ዱቄት በሚዛን የሸጠ ነጋዴ በከረጢት ላይ የሚቀረውን ብናኝ ንቆ አያልፍም።

ተቃውሞ የሚያቀርቡት ሁሉ በከንቱ ይናገራሉ አልልም። የጀልባ ባለቤቶች መንገደኞቻቸውን በዳርቻው ላይ ማውረድ ተከልክለዋል፤ ከሌሎቹ ዳርቻዎች የሚያገኙት ሥራ ግን አልቀረባቸውም፤ በዚያው በባውኔይ ወሰን ለምሳሌ ካላ ማሪዮሉ በቀን እስከ 700 ሰው እንዲቀበል ተፈቅዶለታል። የሚከብደው ተቃውሞ የሽማግሌውና የአካል ጉዳተኛው ነው። ጕልበቱ የደከመ ሰው ይህን ቍልቍለት ወርዶ መመለስ አይችልም፤ ከጀልባ ላይ ሆኖ ከሩቅ ማየት ብቻ ይቀርለታል። ለዚህ የሚሆን መልስ የለኝም። መንገዱን በኮንክሪት መሥራት ግን መልስ አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ በመኪና የሚወርድበት መንገድ አውቶቡስንም ያወርዳልና። ጌታዬ እንኳ፣ ስንመለስ በመንገዱ አጋማሽ በአንድ ባሉጥ ጥላ ሥር ዐርፈው ሳሉ፣ «መኪና ቢኖር ኖሮ እዚህ ድረስ ባልመጣሁም ነበር» አሉኝ። የበረዶ ሣጥኑን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተዉትም።

ለቡሽ፣ ለአይብ ወይም ለድንጋይ ንግድ ወደ ሰርዴኛ የምትሄዱና አንድ ቀን የሚተርፋችሁ ነጋዴዎች ብትኖሩ፣ በበጋ ከሆነ ተራችሁን ከመድረሳችሁ በፊት ያዙ። ማልዳችሁ ጀምሩ፤ ፀሐዩ ከቀትር በኋላ በነጩ ድንጋይ ላይ ይበረታል። በነፍስ ወከፍ ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃና ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ያስፈልጋል። ለመውጫው ከመውረጃው የበለጠ ጊዜ መድቡ፤ ስትመለሱም ኪሳችሁን ፈትሹ፤ ጠጠር በጫማና በፎጣ ተሰውሮ ይወጣልና።