ለጭብጨባ ያላደረ ሊቅ

የተማረ ሰው ግዴታው የት ላይ ያበቃል? አጥንቶ መጻፍ ይበቃዋልን? ወይስ ያገኘውን እውነት ሰሚው ቢጠላውም ተነሥቶ መናገር አለበት? እኛ መናገር አለበት እንላለን። ምስክራችንም አሜሪካዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ጆን ዌስሊ ፓወል ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፓወል በ1834 ኒውዮርክ ውስጥ ተወለደ። በ1862 በሻይሎ ጦርነት ቆስሎ ቀኝ እጁ ተቈረጠ፤ ይህ ግን ከቤት አላስቀመጠውም። የጂኦሎጂ አስተማሪ ሆኖ በ1867 ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ሮኪ ተራሮች ወጣ። በ1869 ከዘጠኝ ሰዎች ጋር በአራት ጀልባዎች ተሳፍሮ ካርታ ያልተነሣለትን የኮሎራዶን ወንዝ ተከተለ፤ በታላቁ ገደል በግራንድ ካንየን ውስጥም አለፈ። ጉዞው ሦስት ወር ያህል ፈጀ፤ አንድ ጀልባ ተሰበረ፤ ስንቅ አለቀ፤ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሦስቱ ተለይተው ሄዱና በዚያው ቀሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ከጉዞው በኋላ ያደረገው ነው። በ1878 ስለ ደረቁ የምዕራብ መሬት ባወጣው ሪፖርት፥ ዝናቡ ለእርሻ እንደማይበቃ፥ የመስኖውም ውሃ ልክ እንዳለው አስረዳ። ለሰፋሪ ሁሉ 160 ኤከር ማደል ለዚያ አገር እንደማይስማማ ገለጸ፤ በመስኖ ለሚያርስ 80፥ ከብት ለሚያረባ 2,560 ኤከር ይሁን አለ። በ1881 የአገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ዲሬክተር ከሆነም በኋላ ከዚህ ሐሳቡ አላፈገፈገም። መሬት ለመሸጥ የቸኰሉት ጠሉት፤ በ1890 ምክር ቤቱ ለመስኖ ጥናቱ የሚሰጠውን ገንዘብ ቈረጠበት። በ1893 ሎስ አንጀለስ በተደረገው የመስኖ ጉባኤ ውሃው ለመሬቱ ሁሉ አይበቃም ቢል አዳራሹ በጩኸት ተቀበለው። በ1894 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ1902 ሞተ።

«ታዲያ ምን አተረፈ?» የሚለን ይኖራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በ1922 የወንዙ ውሃ ለሰባት ክፍላተ ሀገር ሲደለደል ከሚገኘው በላይ ተደለደለ፤ በ2021 መንግሥት በወንዙ ላይ የውሃ እጥረት መድረሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ዐወጀ። በ1893 የጮኸው ጉባኤ ተረስቷል፤ የፓወል ልኬት ግን ቆሟል።

እንግዲህ መምህሮቻችንን፥ እንደ ፓወል ከመማሪያ ክፍሉ አውጥታችሁ መሬቱን አሳዩን እንላለን። ጓደኞቻችን ሆይ፥ እኛም ነገ ሪፖርት ጻፉ ስንባል አለቃ ደስ የሚለውን ሳይሆን የለካነውን እንጻፍ። ይህን ካላደረግን ዲግሪያችን ከግድግዳ ጌጥ አያልፍም።