ባሕር የሌላትን ማላዊን የመታው ሳይክሎን ለእኛ ምን ይነግረናል?

ማላዊ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ የባሕር በር የላትም። በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ ሞዛምቢክን አቋርጦ የገባው "ፍሬዲ" የተሰኘ ሳይክሎን ግን እጅግ ብዙ ሕይወት የቀጠፈው በባሕር ዳርቻ ባሉት አገሮች ሳይሆን በዚችው አገር ነው። በደቡባዊ ማላዊ የስድስት ወር ዝናብ በስድስት ቀናት ውስጥ ወረደ። በብላንታየር ከተማ ሶቼ በተባለው ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ሰዎች በተኙበት ጭቃና ቋጥኝ ወረደባቸው። ከ1 ሺህ 200 በላይ ማላዊያን ሞቱ ወይም ጠፍተው ቀሩ።

የክረምቱ ዝናብ በተቃረበበት በዚህ ወቅት ይህን ማንሣት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። "እኛ ባሕር የለንም፤ አውሎ ነፋስ አይደርስብንም" የሚለው አነጋገር በአርሶ አደሩም በአመራሩም ዘንድ የተለመደ ነው። ነፋሱን በተመለከተ አባባሉ በአብዛኛው ልክ ነው። ውኃውን በተመለከተ ግን ልክ አይደለም። የሳይክሎን ጉዳት ከባሕሩ ርቆ፣ በተራራና በሸለቆ ውስጥ እንደሚበረታ፣ መዘዙም ከዓመት በኋላ ማሳችን ድረስ እንደሚመጣ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል።

ነፋሱ ሲደክም ውኃው ይበረታል

ሳይክሎን፣ አሜሪካውያን ሀሪኬን የሚሉት፣ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቃት ባሕር ነው። የባሕሩ ገጽ ሙቀት ከ26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሆን ከውኃው የሚነሣው እንፋሎት ነፋሱን ይመግበዋል። ወደ የብስ ሲገባ ይህ ምግብ ይቋረጥበታልና ነፋሱ በሰዓታት ውስጥ ይዳከማል። የተሸከመው እርጥበት ግን አብሮት አይጠፋም። ተራራ ሲያጋጥመው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ በከባድ ዝናብ መልክ ይወርዳል። ስለዚህ "አውሎ ነፋሱ ተዳክሟል" የሚለው ዜና ለባሕር ዳርቻው ነዋሪ እፎይታ ሊሆን ይችላል። ለደጋው ነዋሪ ግን አደጋው ገና መጀመሩ ነው።

በመስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም ምሽት ፍሎሪዳን የመታው "ሄለን" የተባለው ሀሪኬንም ይህንኑ አሳይቷል። ከየትኛውም የአሜሪካ ግዛት ይልቅ ብዙ ሰው የሞተው አውሎ ነፋሱ የብስ ከነካበት ከፍሎሪዳ ዳርቻ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቃ በምትገኘው በሰሜን ካሮላይና ነው። የተጎዱትም በአብዛኛው በተራራማው ምዕራባዊ ክፍል የነበሩ ናቸው። እዚያ ሄለን ከመድረሱ በፊት ለቀናት ዘንቦ ስለነበር አፈሩ ውኃ ጠግቧል፤ ወንዞቹም ሞልተዋል። ዋናው ዝናብ ሲመጣ መሬቱ የሚውጥበት አቅም አልነበረውም።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም ሞዛምቢክን፣ ዚምባብዌንና ማላዊን የመታው "ኢዳይ"ም አመጣጡ ተመሳሳይ ነበር። ኢዳይ መጀመሪያ በደካማ ዝናብ አዘል ነፋስነት ወደ የብስ ገባ፤ ሞዛምቢክንና ማላዊን አጥለቀለቀ፤ ከዚያም ወደ ባሕሩ ተመልሶ ጉልበት አገኘ። በመጋቢት 5 ሌሊት የቤይራን ከተማ ሲመታ የፑንግዌና የቡዚ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሐይቅ አደረጉት። በዚምባብዌ ተራራማዋ ቺማኒማኒ ደግሞ ናዳና ደራሽ ጎርፍ መንደሮችን ጠረጉ። በሦስቱ አገሮች ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ።

ሦስቱም አደጋዎች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው። የአንድ ቀን ዝናብ መጠን ብቻውን አደጋውን አይናገርም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የወረደው ዝናብም አብሮ መቆጠር አለበት።

ዝናቡ ሌላ ቦታ፣ ጎርፉ ሌላ ቦታ

ይህ ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ውኃውን ያመጣው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ የወረደ ዝናብ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነው የደቻቱ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ነዋሪውን በእንቅልፉ ደረሰበት። በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝ ሙላት በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። በክልላችንም ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ በርብ፣ በጉማራና በመገጭ ወንዞች እንዲሁም በጣና ሐይቅ ሙላት ተጥለቅልቀው ነበር። ሳይክሎን በሌለበት እንዲህ ከሆነ፣ ጎርፍን የሚወልደው የነፋሱ ዓይነት ሳይሆን የመሬቱ አቀማመጥና የአፈሩ ሁኔታ መሆኑን መረዳት አያዳግትም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው ናዳ ደግሞ ሌላ መራራ ትምህርት ትቶ አልፏል። ከ220 በላይ ሰዎች ከሞቱበት ከዚህ አደጋ ሰለባዎች መካከል ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶችና የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ የወረደው እነርሱ በቁፋሮ ላይ ሳሉ ነው። "ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ" የሚለው የተለመደ ምክር ለሜዳ ነዋሪ ትክክል ነው። ውኃ በጠገበ ገደል ሥር ላለ ሰው ግን ወደ ሞት ሊመራ ይችላል። የወረዳ አመራር የትኛው ቀበሌ ከጎርፍ፣ የትኛው ከናዳ መሸሽ እንዳለበት ለይቶ ማወቅ ያለበት ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ነው።

በሌላ በኩል ፎገራን የመሰለ ሜዳ ላይ የሚኖር አርሶ አደር "ተነሣ" ሲባል የሚያመነታበት በቂ ምክንያት አለው። ሩዙን የሚያበቅልለት፣ ደለል የሚያመጣለት፣ ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበትን እርጥበት የሚተውለት ይኸው ውኃ ነው። የቀበሌ አመራሩም "አንሥቼው ጎርፉ ቢቀር ሁለተኛ አይሰማኝም" ብሎ ይሠጋል። ሁለቱም ሥጋቶች እውነት ናቸው። መፍትሔው አርሶ አደሩን ከሜዳው ማባረር ሳይሆን ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ከብትና ዘር አስቀድመው የሚወጡበትን ስምምነት ከነዋሪው ጋር በጋራ መያዝ ነው። ስምምነቱ በበጋ ከተያዘ በክረምት ክርክር አይኖርም።

ውኃው ከሸሸ በኋላ

የዜና ማሠራጫዎች የሚሄዱት ውኃው ሲሸሽ ነው። የአርሶ አደሩ ዋና ችግር ግን ያን ጊዜ ይጀምራል። ኢዳይ የመጣው በቆሎው ለመሰብሰብ ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። በሞዛምቢክ ብቻ 715 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆን ሰብል ወደመ። ምርት ብቻ ሳይሆን የቀጣዩ ዓመት ዘርም አብሮ ሄደ። በቤይራ ኮሌራ ተነሣ፤ ሥርጭቱን ለመግታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መከተብ ግድ ሆነ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ የበረሃ አንበጣው ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም "መኩኑ"፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም ደግሞ "ሉባን" የተባሉ ሳይክሎኖች ከዐረቢያ ባሕር ተነሥተው በኦማንና በየመን በኩል ሰው ወደማይኖርበት ሩብ አል ኻሊ በረሃ ዝናብ አደረሱ። በረሃው ለመለመ። አንበጣው ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለሙያዎች በእነዚያ ወራት ቁጥሩ 8 ሺህ ጊዜ እጥፍ እንደጨመረ ገምተዋል። መንጋው ወደ የመን፣ ከዚያም በ2011 ዓ.ም ክረምት ወደ አፍሪካ ቀንድ ተሻገረ። በኅዳር 2012 ዓ.ም ሶማሊያን የመታው "ፓዋን" የተባለው ሌላ ሳይክሎን ተጨማሪ መራቢያ ፈጠረለት። በ2013 ዓ.ም መስከረምና ጥቅምት በሰሜንና በደቡብ ወሎ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በሰሜን ሸዋ አርሶ አደሩ በደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ የታገለው ከዚህ መንጋ ጋር ነው። በኦማን የዘነበ ዝናብ ከሁለት ዓመት በኋላ ወሎ ደረሰ ማለት ነው።

የሩቁን ባሕር ማየት

ስለዚህ የሐሩር ክልል ባሕሮችን መከታተል ለባሕር ዳር አገሮች ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ለእኛ የሚያስፈልጉት ሁለት የክትትል ወቅቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው የደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ የሳይክሎን ወቅት ነው። ይህ ወቅት ከበልጋችን ጋር ይገጥማል። ኢትዮጵያዊው የሜትሮሎጂ ባለሙያ ዱላ ሻንቆ ከፈረንሳዊው ፒዬር ካምበርለን ጋር ያሳተሙት ጥናት በዚያ ባሕር ሳይክሎኖች የሚበዙባቸው ዓመታት ከኢትዮጵያ ድርቅ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው አመልክቷል። ምክንያቱም ሳይክሎኑ ወደ እኛ መምጣት የነበረበትን እርጥበት ወደ ደቡብ ስለሚስበው ነው። በ2011 ዓ.ም ኢዳይና በሚያዝያ ወር የተከተለው "ኬኔት" በሞዛምቢክ ሲያጥለቀልቁ በብዙ የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢዎች ዝናቡ ዘግይቷል። ይህ ማለት ግን ሳይክሎን በተነሣ ቁጥር በልግ ይጠፋል ማለት አይደለም። በ2010 ዓ.ም ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ የተነሡ ሳይክሎኖች በተቃራኒው በምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ከጨመሩት ምክንያቶች መካከል ተጠቅሰዋል። የሳይክሎኑ ቦታ ወሳኝ ነው። ስለዚህ በሰሜን ሸዋና በወሎ የበልግ አብቃይ አካባቢዎች የዘር ጊዜ በወሬ ሳይሆን በኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዐሥር ቀን መግለጫ መወሰን አለበት።

ሁለተኛው የዐረቢያ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ወቅት ነው። ይህ በግንቦትና በሰኔ፣ እንደገናም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። በግንቦት 2010 ዓ.ም "ሳጋር" የተባለው ሳይክሎን ሶማሌላንድን መትቶ ጅቡቲን በጎርፍ አጥለቅልቋል። የገቢ ዕቃችን፣ ማዳበሪያውን ጨምሮ፣ በዋናነት በጅቡቲ በኩል የሚገባ በመሆኑ የወደቡና የመንገዱ ደኅንነት የዘር ወቅታችን ጉዳይ ነው። የጥቅምት እስከ ታኅሣሡ ወቅት ደግሞ ሰብል በማሳና በአውድማ ከሚሆንበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል። ከባሕሩ የሚመጣ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ የታጨደ ጤፍን ማብቀልና ማሻገት ይችላል።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተነሡት ሁሉ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ሊሠሩ የሚችሉ ተግባራትን ያመለክታሉ።

አንደኛ፣ የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ ወረዳዎች በስልክ ይያያዙ። ደራ ወይም ፋርጣ ላይ ሌሊት ከባድ ዝናብ ሲጥል የፎገራ ቀበሌዎች ውኃው ከመድረሱ በፊት ማወቅ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው በየቀበሌው ስልኩ ሌሊት የማይዘጋ ተጠሪና የደወለውንና የተደወለለትን የሚመዘግብ ደብተር ነው።

ሁለተኛ፣ የግብርና ባለሙያው የየዕለቱን ዝናብ ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ቀናት ድምር ይያዝ። ለተከታታይ ቀናት ከዘነበ በኋላ የሚመጣ መካከለኛ ዝናብ በደረቅ መሬት ላይ ከሚጥል ከባድ ዝናብ የከፋ ሊሆን ይችላል። በተራራ ላይ አዲስ የመሬት ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም የጠፋ ምንጭ ከታየ የናዳ ምልክት ነውና ነዋሪው ይነሣ። ናዳ ከወረደ በኋላም የነፍስ አድን ሥራ የሚከናወነው ከላይ ያለውን ገደል የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ነው።

ሦስተኛ፣ እርከንና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሰኔ ሳይጋመስ ይጠረጉ። በደለል የተሞላ ቦይ ውኃውን አጠራቅሞ በአንድ ቦታ ስለሚሰብረው ከሌለበት ይብሳል። በዋልካ አፈር ላይ ውኃ የሚያጠነፍፍ መደብና ቦይ ይሠራ።

አራተኛ፣ ዘር ከምግብ እህል ተለይቶ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ከፍታ ይቀመጥ። ጎተራው ሲጠፋ ቤተሰቡ በእርዳታ እህል ሊከርም ይችላል፤ ዘር ግን በወቅቱ ካልደረሰ ዓመቱ ሙሉ ይጠፋል። ወረዳውም ቶሎ የሚደርሱ ሰብሎችን ዘር አስቀድሞ ይያዝ።

አምስተኛ፣ ውኃው ከሸሸ በኋላ የረጠበ እህል ሳይደርቅ አይከመር፤ የሻገተው ለሰውም ለከብትም መርዝ ሊሆን ይችላል። ከብት ረግረግ ላይ ሲግጥ የጉበት ትል ይይዘዋልና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይማከር። የጉድጓድና የምንጭ ውኃ ሳይታከም ወይም ሳይፈላ አይጠጣ።

በማላዊም በሞዛምቢክም ሳይክሎኖቹ እንደሚመጡ ትንበያው ከቀናት በፊት ነበር። የጎደለው ትንበያው በተራራው ሥር ወዳለችው ጎጆ በሚገባት ቋንቋ፣ ከምሽቱ በፊት መድረሱ ነው። በእኛም ዘንድ መግለጫው ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ በደብዳቤ ይወርዳል። ከወረዳው መዝገብ ቤት እስከ አርሶ አደሩ ደጃፍ ያለው መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ እያንዳንዱ ወረዳ ከሐምሌ በፊት አንድ ጊዜ ሞክሮ ሊያውቀው ይገባል።