ውሃ የሚገፋ አሸዋ



እኔ በማስተምርበት በአንድ የስምጥ ሸለቆ ከተማ መሬቱ አሸዋማ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ አትክልተኛው ጎማውን ዘርግቶ ችግኙን ሲረጭ፥ ውሃው በተለይ ከባሕር ዛፍ ሥር እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወደ ቦይ ይወርዳል። ቧንቧ በተራ በሚመጣበት አገር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ችግኙም በበጋ ይደርቃል፤ ጥፋቱም በዘበኛው ላይ ይላከካል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከረገፈ ቅጠል የሚወጣ ሰም መሰል ነገር የአሸዋውን ቅንጣት ይለብጠዋል። የአሸዋ ቅንጣት ትልቅ ስለሆነ ለመለበጥ ጥቂት ሰም ይበቃዋል። ለመፈተን የሚሻ ሰው በደረቁ አሸዋ ላይ አንድ ጠብታ ጣል አድርጎ ሰዓቱን ይመልከት፤ ከ5 ሴኮንድ በላይ ሳይሠርግ ከቆየ ባለሙያዎች ውሃ ገፊ ይሉታል።

ዳሩ ግን ይኸው አሸዋ ጠላት ብቻ አይደለም። በተራ አሸዋ ውስጥ ውሃ፥ ላምባ በኩራዝ ክር እንደሚወጣ ሁሉ፥ በቅንጣቶቹ መካከል ወደ ላይ ይሳባል፤ ፀሐይና ነፋስም ከገጹ ላይ ይወስዱታል። የላዩ ሽፋን ሰም የለበሰ ሲሆን ግን ውሃው ከሽፋኑ ሥር ይቆማል፤ ማለፍ የሚችለው እንፋሎት ብቻ ስለሆነ ትነቱ እጅግ ይቀንሳል። በሳዑዲ ዓረቢያ የንጉሥ አብደላ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች ሆን ብለው አሸዋን በፓራፊን ሰም ለብጠው በእርሻ ላይ በስሱ በማንጠፍ ትነቱን ከግማሽ በላይ መቀነሳቸውን እ.ኤ.አ. በ2022 አሳትመዋል። በምዕራብ አውስትራሊያ ግን ገበሬው ይህንኑ ጠባይ ይረግመዋል፤ ዝናቡ ከላይ ስለሚመጣ አሸዋው አላስገባም ይለዋል፤ ስለዚህ ሸክላ አፈር እያመጣ ከእርሻው ጋር ይቀላቅላል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ውሃው በየት በኩል ይግባ ነው። በየቀኑ ላዩን መርጨት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ግማሹ ይፈስሳል፥ የቀረው ገጹን አርሶ ከሰዓት በፊት ይተናል። አትክልተኛው በየችግኙ ዙሪያ ደረቁን ሽፋን ገለጥ አድርጎ፥ እርጥብ አፈር እስኪያገኝ ጎድጎድ አድርጎ ቆፍሮ፥ ቀስ እያለ ይሙላው። ውሃው ሲሠርግ ደረቁን አሸዋ መልሶ ያልብሰው፤ ከዚያም ጥቂት ቀን ይተወው። ጎማ ይዞ መቆምን ብቻ እንደ ሥራ የሚቆጥሩ አለቆች ይህን ስንፍና እንዳይሉት እፈራለሁ። የሚጠራጠር አለቃ ካለ፥ በአንድ ግቢ ሁለት መደብ አስለይቶ አንዱን በጎማ፥ አንዱን በዚህ መንገድ እስከ ግንቦት ያስጠጣ፤ የውሃውንም ባልዲ ያስቆጥር።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር